በግቢ ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ፦ ክረምት የማያፈርሰው አሠራር ከቁፋሮ እስከ መጋጠሚያ

በግንቦት ተሠርቶ ያለቀ የድንጋይ ንጣፍ ሁሉ ያምራል። ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። መስከረም ሲጠባ በሩ ፊት ውሃ ያቁራል፣ ድንጋዮቹ ሲረገጡ ይነቃነቃሉ፣ መጋጠሚያው ተቦርቡሮ ባዶ ይሆናል። ባለቤቱ ድንጋዩን ይወቅሳል፣ ግንበኛው ደግሞ ሲሚንቶውን። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው ማንም በማያየው ቦታ፣ ከድንጋዩ ሥር ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ አንድም ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። ለመዝለል የሚቸኩል ሰው የሚዘለው ዋናውን ነው።

የምንሠራው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባለ ግቢ፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚመላለስበት፣ 4 በ5 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ነው እንበል። መኪና የሚቆምበት ከሆነ እዚህ የተሰጠው ጥልቀት አይበቃም፤ ባለሙያ አማክሩ።

1. አፈሩን እወቁ

ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ንጣፉ በሚያርፍበት ቦታ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከታች የወጣውን አፈር በውሃ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መካከል አድቦልቡሉት። ሳይበጠስ እንደ እርሳስ ቀጥኖ የሚረዝም፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ከሆነ ተጠንቀቁ። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውን ሁሉ በየዓመቱ ያነሣዋል፣ መልሶም ያወርደዋል። ቀይ አፈር በአንጻሩ ብዙም አያስቸግርም።

ጉድጓዱን በውሃ ሙሉትና በማግስቱ ተመልከቱ። ውሃው ገና እዚያው ካለ፣ ክፍል 4 ላይ የተጠቀሰው የውሃ መውረጃ የግድ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የውሃ መስመር፣ የመብራት ኬብልና የሽንት ቤት ጉድጓድ የት እንዳሉ አረጋግጡ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን በንጣፍ አይሸፈንም፤ ሞልቶ የሚመጠጥበት ቀን ይመጣል።

መቼ ይሠራ? ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ናቸው። ዝናቡ ቆሟል፤ አፈሩ ግን ገና እርጥበት አለው። ጥቁር አፈር እስከ ሚያዝያ ድረስ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ ንጣፍ ከተሠራበት፣ ክረምት ሲገባ የሚያብጠው ከዜሮ ጀምሮ ነው፤ ድንጋዩንም ይዞት ይነሣል።

2. ድንጋይ አመራረጥ

ለዚህ ሥራ በቀላሉ የሚገኙት ሁለት ናቸው፦ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) እና የአምቦ ድንጋይ። ባዛልት ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ግን ለመጥረብ ያስቸግራል። የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ዘር ነው፤ ቢጫም ቀላም ነጣም ያለ ይገኛል፣ በቀላሉ ይጠረባል፣ ግን ውሃ ስለሚጠጣ በጥላ ሥር አረንጓዴ ሽበት ያወጣል። ለእኔ ፀሐይ ለሚያገኘው ቦታ አምቦ፣ ለጥላና ለመተላለፊያ ባዛልት ይሻላል። የተወለወለ እብነ በረድ ወይም ግራናይት ደጅ ላይ አታንጥፉ፤ በመጀመሪያው ካፊያ ሰው ይጥላል።

ከመኪና ሳይራገፍ መርምሩ፦

• በትንሽ መዶሻ ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ስንጥቅ አለበት ወይም በስብሷል።
• ውሃ ጣል አድርጉበት። ወዲያው የሚመጥ ከሆነ ቦታው ፀሐያማ መሆን አለበት።
• ሎሚ ጨምቁበት። ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የምግብ ሎሚም ሆነ አሲድ ያለው ማጽጃ ይበላዋል። ምግብ በሚበላበት ቦታ ባይገባ ይመረጣል።
• ውፍረቱን ለኩ። በአሸዋ ላይ የሚነጠፍ ድንጋይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስስ ድንጋይ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ክፍል 9ን ተመልከቱ።

ሻጮች ሰፋፊውንና ቆንጆውን ከላይ ይደረድራሉ። ከመካከልና ከሥር መዝዛችሁ ሳታዩ ሒሳብ አትክፈሉ።

ለ20 ካሬ ሜትር፣ ቅርጽ የሌለው ድንጋይ ከሆነ 23 ካሬ ሜትር ግዙ፤ በመጥረብ የሚባክን አለ። ክብደቱንም አትርሱ፦ 60 በ60፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ባዛልት 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለሁለት ሆናችሁ አንሡ፣ ድንጋዩም በተቻለ መጠን ሥራው አጠገብ ይራገፍ።

3. ልኬትና ተዳፋት

የሚያስፈልጉት ችካል፣ ሲባጎ፣ ሜትር እና ውሃ የተሞላ ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ ናቸው። ውሃ ልክ ለአጭር ርቀት ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ የምታነጻጽሩት በቱቦው ነው። ውስጡ የአየር አረፋ ካለ ውሸት ይናገራል፤ እየነካካችሁ አረፋውን አስወጡ።

ማዕዘኑን ለማቅናት ከጥጉ ተነሥታችሁ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል።

አሁን ተዳፋቱ። ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ርቀቱ 4 ሜትር ከሆነ የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው በ8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህ ለዓይን ብዙ መስሎ ይታያል፤ ግንበኛውም «ይበዛል፣ ጠረጴዛው ያጋድላል» ማለቱ አይቀርም። አትቀበሉት። ፊቱ ሸካራ የሆነ ድንጋይ ከዚህ ባነሰ ተዳፋት ውሃ ይቋጥራል። የጠረጴዛው እግር ሥር ስስ ጣውላ ይገባል፤ የቤቱ ግድግዳ ሥር የገባ ውሃ ግን መላ የለውም።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች፦ የንጣፉ ፊት ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ጎረቤት አጥር ሥር አይሂድ፤ አጥሩ ሲወድቅ የሚመጣው ጣጣ ከንጣፉ ይበልጣል።

4. ቁፋሮ

ቀይ አፈር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ጥቁር አፈር ላይ ከ55 ሴንቲ ሜትር አታንሱ። ጥቁር አፈር ብዙ ሜትር ሊወርድ ስለሚችል ሁሉንም አውጥቶ መጨረስ አይቻልም፤ ዓላማው ከድንጋዩ አርቆ በላዩ የማያብጥ ክብደት መጫን ነው።

የሚወጣውን አፈር አስቀድማችሁ አስሉ። በ20 ካሬ ሜትር፣ ለቀይ አፈር 6 ሜትር ኩብ፣ ለጥቁር አፈር 11 ሜትር ኩብ ይወጣል። አፈር ሲቆፈር ስለሚያብጥ ለመጫን ሲደርስ ከዚህ ይበልጣል። ማራገፊያ ሳታዘጋጁ ከጀመራችሁ ክምሩ ግቢውን ይዘጋዋል።

የጉድጓዱ ወለል እንደ ላይኛው ፊት ሁሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ይቆፈር። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ወይም የማይጨነቅበት ነጥብ ነው። በመጋጠሚያ በኩል የሚሰርግ ውሃ አለ፤ ወለሉ ዝርግ ከሆነ ጉድጓዱ ውሃ የሚይዝ ድስት ይሆናል። በታችኛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ከጉድጓዱ ወለል ዝቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡ፣ በመጠን ቁጥሩ 02 የሚባለውን ጠጠር ሙሉት፣ መውጫውንም ወደ ግቢው ፍሳሽ አገናኙ።

የትልቅ ዛፍ ሥር ካጋጠማችሁ አትቁረጡ። ንጣፉን በዚያ በኩል አሳጥሩት፤ ዛፉም ድንጋዩም በሰላም ይኖራሉ።

5. ሙሌትና ጥቅጠቃ

ለሙሌት በተለምዶ ሰሌክት የሚባለውን ገረጋንቲ ተጠቀሙ። ቀይ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብዙዎች እሱን ይሞላሉ። ቀይ አፈር ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በጥቁር አፈር ጉድጓድ ውስጥ ግን አታስገቡት። ባዶ ቀዳዳው ውሃን በቀላሉ ያሳልፍና ከሥር ላለው ጥቁር አፈር ያጠጣዋል፤ ማለትም እንዳያብጥ የምትፈልጉትን አፈር ራሳችሁ ትቀልቡታላችሁ።

ድንጋዩና መኝታው (ከድንጋዩ ሥር የሚዘረጋው አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር) 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወስዱ፣ ቀሪው ጥልቀት በሰሌክት ይሞላል። የተጠቀጠቀ 4 ሜትር ኩብ ለማግኘት 5 ሜትር ኩብ ልቅ ሰሌክት ግዙ።

በአንድ ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አትሙሉ። አንድ ድርብ ዘርግቱ፣ በትንሹ አርጥቡ፣ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ቀጣዩን። እርጥበቱን በእጅ ለኩት፦ ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘና እጃችሁን ካላረጠበ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ ይጨመር፤ ውሃ ካንጠፈጠፈ ይቆይ፣ ይጠንፍፍ።

ኮምፓክተር በቀን ኪራይ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም። በእጅ መጠቅጠቂያ መሥራት ይቻላል፤ ግን ድርቡን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አውርዱ። መጥገቡን ለማወቅ ተረከዛችሁን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ዞር በሉ። ዱካ ከቀረ ገና ነው። ጥጎቹንና የግድግዳውን ዳር ለብቻ ፈትሹ፤ ማሽኑ የማይደርስባቸው እነሱ ናቸው፣ በክረምትም መጀመሪያ የሚሰምጡት እነሱ ናቸው።

6. ጠርዝ

ጠርዝ ከድንጋዩ በፊት ይሠራል። ጠርዝ የሌለው ንጣፍ በየጊዜው ወደ ጎን እየተገፋ መጋጠሚያው ይሰፋል። ከርብ ስቶን ወይም ረዘም ያለ ጥርብ ድንጋይ በኮንክሪት ላይ አቁሙ፤ ኮንክሪቱም ከውጭ በኩል የድንጋዩን ግማሽ ከፍታ ደግፎ ይያዝ። ሦስት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ አቆዩት። በታችኛው ጠርዝ ከርቡ ከንጣፉ ከፍ አይበል፤ ከፍ ካለ ራሳችሁ ግድብ ሠራችሁ።

7. በደረቁ መደርደርና መጥረብ

ድንጋዮቹን በሙሉ መሬት ላይ ዘርግታችሁ እዩአቸው። ከዚያ ያለ አሸዋ፣ በሚቀመጡበት ቅደም ተከተል ደርድሩ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ቢወስድ አያስገርምም።

ትልልቆቹን በበሩ ፊትና በጠርዙ ዙሪያ አድርጉ። ትንንሽ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። በአንድ ነጥብ አራት ድንጋዮች አይገናኙ፤ ሦስት ይበቃሉ። ከሁለት ድንጋይ በላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መጋጠሚያ ካያችሁ አንዱን ቀይሩ። የመጋጠሚያው ስፋት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ካለቀ በኋላ በኖራ ወይም በጠመኔ ቁጥር ስጧቸውና አንሡ።

ለመጥረብ፦ መስመሩን አስምሩ፣ በመሮና በመዶሻ ቀስ እያላችሁ መስመሩን ደጋግማችሁ ተከተሉ፣ ገልብጣችሁ በጀርባውም ድገሙ። በአንድ ምት ለመገመስ የሚሞክር ድንጋዩ በፈለገው በኩል ይሰነጠቅበታል። በግራይንደር ከቆረጣችሁ ውሃ የሚያፈስ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

ማስጠንቀቂያ፦ የዓይን መነጽር ያለ ድርድር ይደረግ። የአምቦ ድንጋይ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ አለው፤ በነጠላ አፍን መሸፈን አይከላከለውም። የአቧራ መከላከያ ጭምብል አድርጉ፣ ልጆችንም አርቁ። ውሃና የኤሌክትሪክ መሣሪያ አንድ ላይ ስለሆኑ ኬብሉ ያልተላጠ፣ ማገናኛውም ከእርጥቡ መሬት የራቀ ይሁን።

8. ማንጠፍ

ለመኝታ ከጠጠር ወፍጮ የሚወጣውን ደቃቁን 00 ወይም ሻካራ አሸዋ ተጠቀሙ። እኔ 00ን እመርጣለሁ፤ ጠርዙ ሹል ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። አሸዋ ከሆነ አስቀድማችሁ በጠርሙስ ፈትሹት፦ ግማሽ አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ አድርጋችሁ ነቅንቁና አሳድሩት። በማግስቱ ከላይ ወፈር ያለ የጭቃ ንብርብር ከታየ መልሱት።

ከበሩ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። የሲባጎው መስመር የመጨረሻውን ከፍታ ያሳያችሁ። ለአንድ ድንጋይ የሚበቃ መኝታ ብቻ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘርግቱ። የድንጋዩን ጀርባ እዩና ሆዱ በወጣበት በኩል መኝታውን አጎድጉዱ፣ በጎደለበት ጨምሩ። ድንጋዩን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡ፤ አትጎትቱት፣ ሲጎተት መኝታውን ይዞ ይሄዳል። ሲቀመጥ ከሲባጎው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚያ በጎማ መዶሻ ከመካከል ወደ ዳር ምቱት።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን አምኑ። መጀመሪያ የሚሰማው ድው ድው የሚል ባዶ ድምፅ ነው። ድንጋዩ መኝታውን ሲያገኝ ድምፁ ይጠብቃል፣ መዶሻውም እጅ ላይ መልሶ ይነጥራል። በአንድ ጥግ ባዶው ድምፅ ካልጠፋ፣ አንሡትና በዚያ ጥግ አንድ ጭብጥ ጨምሩ። በጎን ጠጠር ሸጉጦ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ለሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ይከዳል።

አራቱንም ጥግ በየተራ በሙሉ ክብደታችሁ ቁሙበት። ከተነቃነቀ አሁኑኑ አንሡት። ከአጠገቡ ድንጋይ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ጫማ የሚያደናቅፈው ይህ ትንሽ ነገር ነው።

በየአራት አምስት ድንጋዩ ተዳፋቱን ለኩ። ለሌላ ጊዜ አታቆዩ፤ ስህተት እየተደመረ ይሄዳል።

መጋጠሚያውን ለመሙላት ደረቅ 00 በትኑና በመጥረጊያ ወደ ውስጥ ጥረጉ፣ በቀጭን ዘንግ ጠቅጠቅ አድርጉት፣ ውሃ በስሱ እርጩ። ሲደርቅ ይወርዳል፤ መውረዱን እስኪያቆም ድገሙ። ከ3 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ክፍተት ካለ የድንጋይ ፍላጭ አጥብቃችሁ አስገቡበት። በመጋጠሚያው መካከል ሣር የምትወዱ ከሆነ ሰርዶን ግን አትምረጡ፤ ሥሩ በመኝታው ውስጥ ተስፋፍቶ ድንጋዩን ያነሣዋል።

ከዚያ ሁለት ጀሪካን ውሃ በላይኛው ጠርዝ አፍስሱና ቁሙና ተመልከቱ። ውሃው ቆሞ የቀረበትን ድንጋይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ በዚያው ቀን አስተካክሉት።

9. ሲሚንቶ የግድ ሲሆን

ስስ ድንጋይ አሸዋ ላይ ይሰበራል። ለእሱ በተጠቀጠቀው ሰሌክት ላይ ፌሮ ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ያስፈልጋል። በጥቁር አፈር ላይ ግን ይህን አልመክርም፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ የአሸዋው ንጣፍ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የሲሚንቶው ግን ይሰነጠቃል፣ ለመጠገንም መስበር ይጠይቃል።

ከወሰናችሁ፦ ሞርታሩ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ4 እጅ አሸዋ ይሁን። የድንጋዩን ጀርባ አጥባችሁ አርጥቡና የሲሚንቶ ቅጥን ቀቡት። ሞርታሩ የድንጋዩን ጀርባ በሙሉ ይንካ፤ በአምስት ቦታ ጣል ጣል አድርጎ ማስቀመጥ በውስጡ ክፍተት ትቶ ስብራት ይጠራል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ፊቱ ላይ የፈሰሰውን ሲሚንቶ በእርጥብ ስፖንጅ ወዲያው ጥረጉ፤ አምቦ ድንጋይ ላይ ከደረቀ ጠባሳው አይለቅም። ለ7 ቀን አጠጡት፣ በጆንያም ሸፍኑት።

10. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

አንድ ድንጋይ ሰመጠ። በሁለት ድጅኖ ከሁለት ወገን አንሡት፤ ድጅኖው የጎረቤቱን ድንጋይ ጠርዝ እንዳይሰብር ከሥሩ ጣውላ አድርጉ። መኝታውን ቦርቡሩ፣ 00 ጨምሩ፣ መልሱት።

ብዙ ድንጋዮች በአንድ አካባቢ ሰመጡ። ችግሩ መኝታው አይደለም፤ ሙሌቱ ነው ወይም ውሃ ከሥር አጥቦታል። በላዩ አሸዋ መጨመር ጊዜ ማባከን ነው። ያን ክፍል አንሡና ሰሌክቱን በድርብ በድርብ እንደገና ጠቅጥቁ። በአቅራቢያው የጣሪያ ውሃ መውረጃ ካለ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ውሃውን በቱቦ ከንጣፉ አሳልፉት።

ንጣፉ ከመካከሉ አበጠ። ጥቁር አፈሩ ውሃ አግኝቷል። በክረምት አትንኩት። የታችኛው ቦይ መውጫ ተዘግቶ እንደሆነ ፈትሹና ጥረጉ፤ ጥቅምት ላይ ካልወረደ ያን ጊዜ አንሥታችሁ አስተካክሉ።

መጋጠሚያው ተቦረቦረ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ይህ የሚጠበቅ ነው። አንድ ጆንያ 00 አስቀምጡና መልሳችሁ ሙሉ። በየዓመቱ በአንድ ቦታ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ በዚያ በኩል ውሃ እየተሰበሰበ ስለሚሮጥ ተዳፋቱን ለኩ።

አረንጓዴ ሽበት አወጣ። በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽና በውሃ ፈትጉ። ካልለቀቀ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጡና ቀቡት፣ ጥቂት አቆይታችሁ እጠቡ፤ እጥበቱ ወደ አትክልት አይፍሰስ። በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የሽቦ ብሩሽም አትጠቀሙ፦ የሚቀሩት የብረት ብናኞች ዝገው ነጣ ባለው ድንጋይ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋሉ።

በሲሚንቶው አካባቢ ነጭ ዱቄት ወጣ። ጨው ነው፤ ከእርጥበቱ ጋር ወጥቶ ፊቱ ላይ የደረቀ። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አታሟሙት፤ ከሟሟ ተመልሶ ይገባል። ከአንድ ክረምት በኋላም ካልቀነሰ ውሃ ከሥር እየገባ ነውና ከታችኛው ቦይ መፈተሽ ጀምሩ።